ያረጀች ላም፣ የቲቢ ምርመራና ያልመጣው ካሳ

በ2011 ዓ.ም. በበረቴ ውስጥ ስድስት ላሞችና አራት ጥጆች ነበሩኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ነው። ወተት መሸጥ ከጀመርኩ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ዓመት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ላሞች አጣሁ፤ አንዷ ዕድሜዋ የገፋ፣ ሌላዋ ገና በሙሉ ወተቷ ላይ የነበረች። ከዚያ ወዲህ ከደምበጫም፣ ከሉማሜም፣ ከፍኖተ ሰላምም ላም የሚያረቡ ሰዎች በሰው በሰው እያፈላለጉ ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ «መንግሥት ላረጁና ለታመሙ ላሞች ካሳ ይከፍላል ወይ? ምርመራውስ የት ይገኛል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ያየሁትን ሁሉ በአንድ ቦታ ልጻፈው ብያለሁ።

ሻሼን የገዛኋት የሦስት ዓመት ጊደር ሳለች፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን በሆዷ ይዛ ነው። የፍሪዥያን ክልስ ናት፤ መላ አካሏ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ያለባት፤ ስሟም ከዚያ መጣ። ዘጠኝ ጊዜ ወልዳለች። በደህና ዘመኗ በቀን አሥራ ስድስት ሊትር ትታለብ ነበር። የሁለቱ ልጆቼ ደብተርና ጫማ ከእርሷ ጡት የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ግን ወተቷ ሦስት ሊትር ላይ ወረደ፤ ጎድኗ ተቆጠረ፤ ጠዋት ከበረት ስትወጣ ደረቅ ሳል ያስላት ጀመር። የብርድ ነው ብዬ አለፍኩት። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ሰውንም ከብትንም ያስላል። ክረምቱ አልፎ፣ የጥቅምት ፀሐይ ወጥቶ ሳሉ አለመቆሙን ልብ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «አርጅታለች እኮ» እያልኩ ሁሉንም ነገር በዕድሜዋ አሳበብኩ።

በዚያው ሰሞን ወተት በምናስረክብበት ቦታ አንድ ወሬ ተነሣ። መንግሥት ያረጁ የወተት ላሞችን አስመርምሮ፣ በሽታ የተገኘባቸውን በካሳ ሊሰበስብ ነው የሚል። እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ በስልክ ስናወራ፣ «እዚህ አገር በቲቢ ምርመራ የወደቀች ላም ስትታረድ መንግሥት ለባለቤቱ ይከፍለዋል» አለኝ። ሁለቱን ወሬዎች አገናኘሁና ተስፋ አደረግሁ።

የአክስቴ ልጅ ያለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የዚያ አገር እውነት ነው። እንግሊዞች ከቲቢ ሌላ የሆነውን፣ የከብትን አንጎል የሚያጠቃውን የእብድ ላም በሽታ በፈረንጆች 1986 ካወቁት በኋላ፣ በመጋቢት 1996 መንግሥታቸው በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ በይፋ ተናገረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ30 ወር ያለፈ ከብት ለሰው ምግብ እንዳይውል ታገደ፤ መንግሥትም ለገበሬው እየከፈለ እነዚያን ከብቶች አስወገደ። እገዳው እስከ 2005 መጨረሻ ገደማ ቆየ። ከዚያም ከነሐሴ 1996 በፊት የተወለዱትን ያረጁ ከብቶች እስከ 2008 መጨረሻ ድረስ በክፍያ ሰበሰቡ። ለቲቢ የሚከፈለውም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም፤ የከብቱ ዓይነት፣ ጾታና ዕድሜ ታይቶ በገበያ አማካይ ዋጋ የሚተመን ነው። በኋላ ሳስበው ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ገንዘቡ ሳይሆን መዝገቡ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ከብት የጆሮ ቁጥርና የራሱ ፓስፖርት አለው። መቼ እንደተወለደ፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ ይታወቃል። ካሳው የቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው። የእኔ ሻሼ ግን መቼ እንደተወለደች የሚያውቀው የሸጠልኝ ሰውና የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድን። አንድ ሠራተኛ ስማችንንና የላሞቻችንን ብዛት ጻፈ፤ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ አለን። አመጣን። ፎቶ አምጡ አለን። አመጣን። ሳምንት ተመለሱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ በጀቱ አልተለቀቀም እያሉ ሁለት ወር አመላለሱን። በመጨረሻ አንድ ሸበቶ የሆኑ የእንስሳት ሐኪም አስቀምጠው እውነቱን ነገሩን። «እትዬ፣ በአገራችን ለቲቢ ተብሎ ላም አስመርምሮ፣ የታመመችውን አርዶ፣ ለባለቤቱ ካሳ የሚከፍል ፕሮግራም የለም። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብዎ» አሉኝ። የከብታችን ብዛት በአፍሪካ ግንባር ቀደም ነው፤ ያን ሁሉ መርምሮና ከፍሎ የሚዘልቅ ገንዘብ ከየት ይመጣል ሲሉም ጨመሩ። ተናድጄ ነበር፤ በእርሳቸው ሳይሆን ባለፉት ሁለት ወራት። በእነዚያ ሁለት ወራት ሻሼ በዚያው በረት፣ ከሌሎቹ ላሞች ጋር በአንድ ገንዳ ስትበላና ስትስል ነበር። ካሳ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ራሱ ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ አልገባኝም።

ምርመራውን ትቼው እቀር ነበር። ያላስተወኝ የእህቴ ልጅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦ ሳምንታት ሲቆይ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ የንፍፊት ቲቢ ነው ተባለ። ሐኪሟ መድኃኒቱን እየጻፈች፣ «ልጁ ጥሬ ወተት ይጠጣል?» ብላ ጠየቀችን። እኔና እህቴ ተያየን። ይጠጣል፤ ከእኔ ቤት፣ ሲታለብ ቆሞ፣ ገና ሞቅ ያለውን። ሐኪሟ አረጋጋችን። በእኛ አገር አብዛኛው የንፍፊት ቲቢ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፈው ዓይነት እንጂ ከላም እንደማይመጣ፣ ግን የላሙ ዓይነት በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊገባ ስለሚችል መጠየቅ እንዳለባት ነገረችን። ልጁ መድኃኒቱን ስድስት ወር በነጻ ወስዶ ድኗል፤ በሽታው ከየት እንደያዘው ያረጋገጠ ሰው የለም። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሳልመረምር ወተት መሸጥ አልቻልኩም። ደንበኞቼ ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ምርመራው። ለቲቢው የሚያገለግለው ፈሳሽ ቱበርክሊን ይባላል። ከውጭ የሚመጣ ነው፤ እንደ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ክትባት በየእንስሳት ጤና ኬላው አይገኝም። እኛ ያገኘነው ያ ሸበቶ ሐኪም በሥራው ከሚያውቃቸው ተመራማሪዎች ጠይቀውልን ነው። እናንተ ስትፈልጉ መጀመሪያ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ፤ ከዚያ ባሕር ዳር ያለውን የክልሉን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ እንዲሁም ባሕር ዳር አጠገብ ያለውን የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ሰበታ ያለው የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ተቋምም ከፍ ላለው የላቦራቶሪ ምርመራ ናሙና የሚላክበት ነው። ብቻችሁን አትጠይቁ። ለአንዲት ላም ከእያንዳንዱ ፈሳሽ የሚወጋው አንድ አሥረኛ ሚሊ ሊትር ነው፤ ብልቃጡ ደግሞ ለብዙ ላም የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተከፈተም ለወራት የሚቀመጥ አይደለም። እኛ አምስት ቤተሰብ ሆነን ሃያ ሦስት ላም አሰባሰብን፤ ወጪውም ለአንዱ ቤት የሚከብድ አልሆነም። መንገድ ላይም በበረዶ መያዝ አለበት። በፀሐይ ሲንገላታ የዋለ ቱበርክሊን ሁሉንም ላም ጤነኛ ያስመስላል።

ቀኑ ሰኞ፣ ጥር 20 ነበር። ሰኞ መሆኑ በምክንያት ነው፤ ውጤቱ የሚነበበው ልክ በ72 ሰዓት ስለሆነ ሰኞ የተወጋ ሐሙስ ይነበባል፤ ቅዳሜና እሑድ አይገባበትም። ሐኪሙ ከእያንዳንዷ ላም አንገት ጎን ሁለት ቦታ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ እያንዳንዱን የመዳፍ ያህል ላጩ። ቆዳውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ካሊፐር በሚባል የውፍረት መለኪያ ለኩ፤ ልጄ ቁጥሩን በደብተር ጻፈች። ከላይኛው ላይ የወፍ ቲቢ ቱበርክሊን፣ ከታችኛው ላይ የከብት ቲቢ ቱበርክሊን ወጉ። ሁለት የሚሆነው ስለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። በአፈርና በወፍ የሚገኙ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ተሕዋስያን ላሟን ሳያሳምሟት ቆዳዋን ሊያሳብጡት ስለሚችሉ፣ ሁለቱ ካልተነጻጸሩ ጤነኛዋ ላም በሐሰት ትከሰሳለች አሉኝ። መርፌው ቆዳው ውስጥ እንጂ ከቆዳው በታች መግባት የለበትም። በትክክል የተወጋ ከሆነ ወዲያው የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ከጣት ሥር ትዳሰሳለች። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ በጣታቸው ዳሰው «አለች» ይሉ ነበር። የእናንተም ሐኪም ይህን ሲያደርግ ቆማችሁ እዩ።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪሙ ሳይመጡ ነው ነገሩን ያየሁት። ወለላን ላልብ ስጠጋ ከአንገቷ የታችኛው ቦታ ላይ ግማሽ ሎሚ የምታህል እብጠት ወጥታለች። ስነካት ሞቀችኝ፤ ወለላም አንገቷን ሸሸች። ወለላ የስድስት ዓመት ላም ናት፤ ጸጉሯ የሚያብረቀርቅ፣ በቀን አሥራ አራት ሊትር የምትሰጥ፣ አንድም ቀን ሳል ያልሰማሁባት። ሐኪሙ ሲለኩ ላይኛው ቦታ ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 9፣ ታችኛው ከ7 ወደ 19 ሄዷል። ታችኛው 12 ጨመረ፣ ላይኛው 2፤ ልዩነቱ 10። ልዩነቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ላሟ በሽታው አለባት ተብሎ ይያዛል። ሌላዋ ላሜ ልዩነቷ 3 ሆነ፤ ይህ ያልለየለት ይባላል፤ ለብቻዋ ታስራ፣ ቢያንስ 42 ቀን ቆይታ እንደገና ትመረመራለች። ከዚያ በፊት ቢወጓት ቆዳዋ ስለሚደክም የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። መጋቢት ላይ ሁለተኛው ምርመራ ነጻ አወጣት።

ሻሼስ? ሻሼ ምንም። ላይኛውም 6፣ ታችኛውም 6፣ ሰኞ የነበረው ሐሙስም ያው። ደስ አለኝ፤ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ሐኪሙ ግን ደስ አላላቸውም። ካሊፐሩን እንደያዙ ጎድኗን፣ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ንፍፊት፣ የምትስልበትን አኳኋን ረጅም ጊዜ አዩ። «እትዬ፣ ይህን ነጻ ናት ብለው አይያዙት» አሉኝ። በሽታው ሥር ሰድዶ ሰውነቷ የተዳከመ ላም ለመርፌው መልስ መስጠት ያቅታታል፤ ቅርብ ጊዜ የወለደችም እንዲሁ ናት። ያረጀች፣ የከሳች፣ የምትስል ላም በቆዳ ምርመራ ዝም ካለች ዝምታዋ ጤና ላይሆን ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ምርመራው ጥሩ የሚሠራው ላሟ ገና ጉልበት ሳላት ነው። አርጅታ እስክትከሳ ጠብቆ ማስመርመር፣ መርማሪው በጣም በሚሳሳትበት ሰዓት መጠየቅ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ከሕይወቴ ከባዶቹ ናቸው። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ደረሰብኝ። ወለላ ለወተት ብትሸጥ በጊዜው ገበያ አርባ አምስት ሺህ ብር ታወጣ ነበር። አንድ ደላላ ወሬውን ሰምቶ በማታ መጣ። «እትዬ፣ በላሚቱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ራቅ ወዳለ ገበያ ወስጄ እሸጥልዎታለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ ራሴም እነዚህን ላሞች የገዛሁት ምንም ሳይጻፍባቸው ነው። በሽታውን ወደ በረቴ ያመጣብኝ ምናልባት እንደዚህ ያለ ሌሊት ነው ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ፣ ጠዋት «የሌላውን ሰው ልጅ ታሳምም?» አለኝ። በዚሁ አበቃ።

ሁለቱንም ከቅበላው በፊት በከተማው ቄራ፣ የሥጋ መርማሪ ባለበት አሳረድናቸው። የወለላ ሳንባ ውስጥ ከንፍፊቶቹ በአንዱ ብቻ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ተገኘ። ሳንባውና ጉዳቱ ያለበት ክፍል ተወገደ፤ ሌላው ሥጋ ለምግብ አለፈ፤ አሥራ ሰባት ሺህ ብር እጄ ገባ። የሻሼ ግን ሌላ ነው። መርማሪው ሳንባዋን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ከብዶ ዘጭ አለ። ከላይ ሲታይ እንደ ጎመን ዘር የተበተኑ ነጫጭ ፍሬዎች አሉበት። ቢላዋውን ሲያስገቡ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ተንኮሻኮሸ። የተቆረጠው ቦታ ውስጡ እንደ ደረቀ አይብ ሆኗል። ጉበቷም ላይ ነበረ። «ይህ የወራት አይደለም፤ የዓመታት ነው» አሉኝ መርማሪው። ሥጋዋ በሙሉ ለሰው ምግብ እንዳይውል ተወሰነ፤ ተቃጥሎ ተቀበረ። ቆሜ አየሁ። ዘጠኝ ጊዜ ያዋለድኳት ላም ናት።

በዘጠኝ ዓመቷ፣ ገና ሥጋ ሳላት አስመርምሬ ለቄራ ብሸጣት ኖሮ፣ በሽታው ቢገኝባት እንኳ እንደ ወለላ ጥቂት ነገር ተነሥቶላት ሌላው ሊተርፍ ይችል ነበር። ጤነኛ ብትሆን ደግሞ በገንዘቧ ጊደር እገዛ ነበር። እኔ በወሬ የጠበቅሁት ካሳ ራሷ ሻሼ ጎድን ላይ ነበር፤ በየዓመቱ እየቀለጠ ሄደ። ለዚህ ነው ዛሬ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ዓመት በላይ ላም የማላቆየው። መለየት ያማል። ጊዜውንም እመርጣለሁ፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሰሞን ወይም ለፋሲካ ሲሆን የሥጋ ዋጋ ጥሩ ነው፤ በሃምሳ አምስቱ ቀን መካከል ግን ሥጋውም ወተቱም ይወድቃል፣ መኖ ብቻ ይበላል። ስለዚህ ምርመራውን ጥር ላይ አስደርጉ፤ የሚወጣው ላም በቅበላ ይወጣል፣ ያልለየለትም በጾሙ ውስጥ ሁለተኛ ምርመራውን ይጨርሳል።

በዚያው አጋጣሚ የሁሉም ላሞች ደም ለብሩሴሎሲስ፣ እኛ የውርጃ በሽታ ለምንለው ተመረመረ። ይህኛው ቀላል ነው፤ ከደሙ የሚለየው ውኃ ጠብታ ከቀይ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ አራት ደቂቃ እየተወዛወዘ ይታያል፤ እንደ ተበጠሰ ወተት ከጓጎለ በሽታው ተጠርጥሯል፣ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። የእኔዎቹ ነጻ ነበሩ። የአንዷ ጎረቤቴ ላም ግን በሰባተኛ ወሯ ያስወረደች፣ የእንግዴ ልጁም የዘገየባት ነበረች፤ በእርሷ ተገኘ። ጎረቤቴ ያንን ጽንስ በባዶ እጇ ጎትታ ነበር ያወጣችው። ወር ሙሉ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲያሠቃያት ወባ ነው ተብሎ ይታከም ነበር። ያስወረደች ላም ስትገጥማችሁ ያለ ጓንት አትንኩ፤ ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን ለውሻ አትጣሉ፣ አቃጥላችሁ ቅበሩ።

መድንን በተመለከተ፣ የወተት ላም የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ። እኔ የሄድኩበት አንድ ድርጅት ለሻሼ ዕድሜ አልፏል ብሎ መለሰኝ፤ ይህ የሆነው ከመሞቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለወጣቶቹ ላሞች ግን የሐኪም ማረጋገጫ፣ የጆሮ ቁጥር፣ የክትባት ታሪክ ጠየቀኝ፤ ምንም ስላልነበረኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከሻሼ በኋላ እያንዳንዷ ላም የራሷ ገጽ ያላት ደብተር ከፈትኩ። የተወለደችበት ቀን፣ እናቷ፣ የተዳቀለችበት ኮርማ ወይም ዘር፣ የወለደችባቸው ቀናት፣ ክትባቶቿ፣ የቲቢ ቁጥሮቿ፤ ከላይ ስንት ከታች ስንት እስከ ሚሊ ሜትሩ። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ምርመራ ሥር ይፈርሙበታል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ደብተር ሦስት ላሞች መድን ገቡ። ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት ግን በበሽታ ምክንያት በትእዛዝ የታረደች ላም ይከፈልባት እንደሆነ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስመልሱ። የእኔው ውል ይህን አይሸፍንም ነበር፤ አንብቤ ደረስኩበት። ነገ መንግሥት የካሳ ሥርዓት ቢያመጣም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ደብተር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቢመጣም ደግሞ ይገባናል፣ ምክንያቱም የታመመች ላም ያረደ ገበሬ የጠበቀው የራሱን ቤት ብቻ አይደለም።

በሽታው ለተገኘበት በረት ሁለት ሦስት ነገር ልጨምር። ገንዳውንና ወለሉን ፍጉን ጠርጋችሁ ካወጣችሁ በኋላ በመድኃኒት እጠቡ፤ ፍግ ላይ የሚረጭ መድኃኒት ከንቱ ነው። ከላይ መስኮት ክፈቱ። የእኔ በረት ብርድ እንዳይገባ በፌስታልና በጆንያ የታፈነ ነበር፤ ስድስት ላም አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲተነፍስ ያድር ነበር። ነፋስ ላምን እንደ ታፈነ በረት አይጎዳትም። የምትገዟት ላም በሌሎቹ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ትመርመር፤ ሻጩ እምቢ ካለ እኔ አልገዛም። በረት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ካሳለ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ሰውም የራሱን ቲቢ ለላም ሊሰጥ ይችላል።

ወተቱን አፍሉት። እስኪገነፍል ድረስ የፈላ ወተት ውስጥ የቲቢም የውርጃውም ተሕዋስ አይተርፍም። እርጎ ከጥሬ ወተት ካልሆነ አይጣፍጥም የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እናቴም ከእነርሱ አንዷ ናቸው። እኔ ወተቱን አፍልቼ፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዤ፣ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ እርሾ ጨምሬ አኖረዋለሁ። ጥሬ ወተት ሲረጋ መኮምጠጡ ብቻ በሽታውን አያጠፋውም። እናቴ አሁን ከእኔ እርጎ ይጠጣሉ።

ከታመመች እናት የተወለደ ጥጃ ያላችሁ ደግሞ፣ ሲወለድ ወዲያው ከእናቱ ለዩት። ወተት ቢሆን አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ፤ እንገር ግን ሲፈላ ይረጋል፣ ጥጃው ደግሞ ያለ እንገር አይቆምም። ስለዚህ ነጻ ከሆነች ላም እንገር መውሰድ ነው። ወለላ ስትታረድ የሁለት ወር ጥጃ ነበረቻት። ከምርመራው ቀን ጀምሮ ከእናቷ ለይቼ፣ የፈላ ወተት በጣቴ እያጠባሁ አሳደግኋት። ከስድስት ወር በኋላ አስመረመርኋት፤ በዓመቷ ደገምኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ላይኛውም ታችኛውም ቦታ እኩል ነበር። በደብተሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ አለች።